ባለ ቁንጮው ጠላቂ የሐይቅ ወፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላንጋኖ ወይም አሸንጌ ዳር የቆመ ሰው ከሩቅ አንገቱ ረጅምና ነጭ፣ አናቱ ላይ ጥቁር ቁንጮ ያለው ወፍ ሊያይ ይችላል። ካሜራውን እስኪያነሳ ወፉ የለም፤ ጠልቋል። ብቅ የሚለው ደግሞ ማንም ባልጠበቀው በኩል ነው። ሰዎች ስለዚህ ወፍ ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ይህ ወፍ መሬት ላይ መራመድ በጣም ይቸግረዋል። ከታች የምታነቡት አብዛኛው ነገር መነሻው ይኸው ነው። ጎጆውን የሚሠራበት ቦታም፣ ልጆቹን ማዘሉም፣ የሚገጥመው አደጋም ከእግሩ ይጀምራል።

ይህ ወፍ ዳክዬ ነው?

አይደለም። ግሬብ የሚባሉ የውሃ ወፎች ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፖዲሴፕስ ክሪስታተስ ነው። እዚህ ባለ ቁንጮ ግሬብ እያልኩ እጠራዋለሁ።

ከዳክዬ የሚለይበት ብዙ ነው። የዳክዬ ምንቃር ጠፍጣፋ ነው፤ የግሬብ ቀጥ ያለና ሹል ነው። የዳክዬ ጣቶች በቆዳ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። የግሬብ ጣቶች ግን ለየብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጣት ግራና ቀኝ የራሱ ሰፊ ቆዳ አለው። ጅራቱ ደግሞ የለም ሊባል ይችላል።

የቅርብ ዘመዱን ስትሰሙ ትገረሙ ይሆናል። የዘረመል ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለግሬቦች ከሁሉም ወፍ የሚቀርበው ፍላሚንጎ ነው። አብጃታና ሻላ ላይ በረጅም እግሩ ቆሞ የምናየው ፍላሚንጎና እግሩ ከውሃ የማይወጣው ግሬብ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ለእኔ ከወፎች ዓለም ደስ ከሚሉኝ ግኝቶች አንዱ ይህ ነው።

በምን ለይቼ ላውቀው?

መጀመሪያ አንገቱን ተመልከቱ። ቀጭን፣ ረጅምና ከፊት በኩል ንጹሕ ነጭ ነው። ዘና ሲል ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ደረቱም ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ጀርባው ቡናማ ነው። ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ከሩቅ አንገቱ ብቻ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ራሱ። ቁንጮው ጥቁር ሲሆን ወደ ኋላ ሲያዘነብል ለሁለት ይከፈላል። በጉንጩ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ላባ አለ፤ ጫፉ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ሲቆጣ ወይም የትዳር ጓደኛውን ሲያገኝ ይህን ላባ ስለሚነፋው ፊቱ በአንዴ ይሰፋል። ዓይኑ ቀይ ነው፤ ምንቃሩ ወደ ሮዝ ያደላል።

ርዝመቱ ከ46 እስከ 52 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ክንፉን ሲዘረጋ ከ59 እስከ 73 ሴንቲ ሜትር ነው። ከግሬቦች ሁሉ በኢትዮጵያ ትልቁ እሱ ነው። ወንዱና ሴቷ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ወንዱ ትንሽ ገዘፍ ይላል እንጂ ለብቻው ሲታይ መለየት ያስቸግራል።

ሲበር እምብዛም አታዩትም። ለመነሳት ውሃው ላይ ረጅም መንገድ መሮጥ አለበት። ከተነሳ በኋላ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እግሩን ከኋላ አስከትሎ፣ ክንፉን በፍጥነት እያርገበገበ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ክንፉ ላይ ሰፋፊ ነጭ ምልክቶች ይታያሉ።

ቁንጮ የሌለውስ? ሌላ ወፍ ነው?

የግድ አይደለም። ገና ያልጎለመሰ ይሆናል። የልጆቹ ራስና አንገት ጥቁርና ነጭ መስመር አለው፤ መስመሩ እያደጉ ሲሄዱ ይጠፋል።

በአውሮፓና በእስያ ያሉት ደግሞ በብርዱ ወራት የጉንጫቸውን ጌጥ ይጥላሉ። ቁንጮአቸውም ያጥራል። ያን ጊዜ ነጭና ግራጫ ሆነው ይታያሉ። የአፍሪካው ዝርያ ግን ጌጡን ዓመቱን ሙሉ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ እኛ ሐይቆች ላይ አዋቂው ወፍ በየትኛውም ወር ያምራል።

ከየትኞቹ ወፎች ጋር ይምታታል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኮርሞራንት ነው። ኮርሞራንትም ይጠልቃል፤ ዓሣም ይበላል። ነገር ግን ከውሃ ወጥቶ ድንጋይ ወይም ዛፍ ላይ ይቆማል፤ ክንፉንም ዘርግቶ ፀሐይ ያሞቃል። ግሬብ ዛፍ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ቅርንጫፍ ላይ የቆመ ጠላቂ ወፍ ካያችሁ ግሬብ አይደለም። ዳርተር የሚባለውም እንዲሁ ነው። እሱ ሲዋኝ ሰውነቱ ሰምጦ አንገቱ ብቻ ይታያል፤ በኋላ ግን እሱም ወጥቶ ክንፉን ያደርቃል።

ሁለተኛው ትንሹ ግሬብ ነው። በብዙ ኩሬዎችና ሐይቆች ላይ የምናገኘው እሱን ነው። ክብ፣ አጭርና ቡናማ ነው፤ ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። በመራቢያ ወቅቱ ጉንጩና አንገቱ ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ ከምንቃሩ ሥር ቢጫ ነጠብጣብ አለው። ቁንጮ የለውም።

ሦስተኛው ጥቁር አንገት ያለው ግሬብ ነው። እሱም ትንሽ ነው። ዓይኑ ደማቅ ቀይ ነው፤ ምንቃሩ ወደ ላይ ቀና ይላል። በመራቢያ ወቅቱ ከዓይኑ ኋላ ወርቃማ ላባ ያወጣል።

ቁንጮ ያለው ዳክዬም አለ። ብርዱን ሸሽቶ ከሰሜን ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ሲሆን ወንዱ ጥቁርና ነጭ ነው። ቁንጮው ከራሱ ኋላ ተንጠልጥሎ ይታያል። አንገቱ አጭር፣ ዓይኑ ቢጫ፣ ምንቃሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ረጋ ብሎ ላየው አያስቸግርም። ኩት የሚባለው ጥቁር ወፍም ይጠልቃል፤ ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ግን ከሩቅ ይለያል።

የት አገኘዋለሁ?

በኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆና በደጋ ሐይቆች ላይ ይኖራል። ሰፊ፣ ክፍትና ዓሣ ያለበት ውሃ ይፈልጋል። ዳሩ ላይ ፊላ፣ ደንገል ወይም ሸምበቆ ካለ ለመራባት ይመቸዋል። ፈጥኖ የሚፈስ ወንዝ ለእሱ አይሆንም።

ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ምናልባት ከእኛ በበለጠ በቅርብ ታገኙት ይሆናል። አምስተርዳም ውስጥ ከተማው መሐል ባሉት ቦዮች ላይ ጎጆ ይሠራል። ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ያለው ሐይቅ ላይም ይታያል። እስራኤል ያላችሁ በክረምት የገሊላ ባሕር ላይ ፈልጉት። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ብርዱ ሲመጣ ጠረፍ አካባቢ የሚያርፉ አሉ።

አሜሪካ ግን ይህ ወፍ የለም። ዋሽንግተን አካባቢ በክረምት ቁንጮ ያለው ጠላቂ ወፍ አየሁ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያዩት ሁዲድ መርጋንሰር የተባለውን ዳክዬ ነው። የወንዱ ቁንጮ ሲከፈት መሐሉ ነጭ የሆነ ትልቅ ማራገቢያ ይሆናል። የሚራባውም ዛፍ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ነው።

ለምን መራመድ ያቅተዋል?

እግሮቹ የተተከሉት ከሰውነቱ መሐል ሳይሆን መጨረሻው ላይ ነው። ይህ ለውሃ ውስጥ ዋና እጅግ ይጠቅማል፤ ከኋላ ሆነው ይገፉታል። መሬት ላይ ግን ሚዛኑን አይጠብቅም። ጥቂት እርምጃ ይሄድና በደረቱ ይወድቃል።

ምን ይበላል?

በዋናነት ዓሣ። የውሃ ነፍሳት፣ ትናንሽ ሸርጣን መሰል ፍጥረታትና እንቁራሪትም ይጨምራል። አብዛኛው ጠለቃው ከግማሽ ደቂቃ በታች ነው።

የራሱን ላባም ይበላል። ከደረቱ ነቅሎ ይውጣል። ላባው ሆዱ ውስጥ ይጠቀለላል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ የዓሣ አጥንት ሆዱን እንዳይወጋውና የማይፈጨውን ጠቅልሎ እንዲተፋው ያግዘዋል የሚል ነው። ጫጩቶቹም በተወለዱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከወላጆቻቸው ላባ ይጎርሳሉ።

ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። እየተጣሉ ነው?

እየተጫጩ ነው! ይህን ካያችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ አትነሱ፤ ተቀምጣችሁ ጨርሱት።

ሥርዓቱ ብዙ ክፍል አለው። በጣም የተለመደው ራስ መነቅነቁ ነው። ሁለቱ ተቃርበው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ የጉንጫቸውን ላባ ነፍተው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። በመሐል አንዱ ፊቱን አዙሮ የጀርባውን ላባ በምንቃሩ ነካ ያደርጋል። ከዚያ ይቀጥላሉ።

ተለያይተው ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ከሩቅ ይጣራል። ከዚያ ጠልቆ ከውሃው ወለል ብዙም ሳይርቅ ወደ ጓደኛው ይመጣል። ያኛው ክንፉን ዘርግቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። የመጣው ቀስ ብሎ ቀጥ እንዳለ ከውሃው ይወጣል፤ ሲወጣም ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ከዚያ ይዞርና ፊት ለፊት ይሆናሉ።

የሁሉ ቁንጮ ግን የሣሩ ጭፈራ ነው። ሁለቱም ይጠልቃሉ፤ ከሥር የውሃ ተክል በምንቃራቸው ይዘው ይወጣሉ። አንዱ ወደ ሌላው ይዋኙና ደረት ለደረት ሲገናኙ እግራቸውን በኃይል እየመቱ ከውሃው በላይ ይቆማሉ። ተክሉን እንደያዙ ለጥቂት ሰከንድ ይወዛወዛሉ፤ ከዚያ ዝቅ ይላሉ። መሬት ላይ መቆም የሚያቅተው ወፍ ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ ይህን ከየትኛውም የወፍ ትርኢት አስበልጣለሁ።

ጁሊያን ሀክስሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1912 ትሪንግ በተባለ ቦታ የውሃ ማጠራቀሚያ ዳር ሆኖ ይህን ሁሉ መዘገበ። ጥናቱን በ1914 አሳተመ። የእንስሳትን ባሕርይ በሜዳ ቆሞ በትዕግሥት የማጥናት ሥራ መነሻ ከሚባሉት ጽሑፎች አንዱ ሆኗል። ሰውየው በኋላ የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሆኗል።

ሀክስሌይ ልብ ያለው አንድ ነገር ወንዱም ሴቷም አንድ ዓይነት ድርሻ መያዛቸውን ነው። ብዙ ወፎች ዘንድ ወንዱ ያጌጣል፣ ሴቷ ትመርጣለች። እዚህ ግን ሁለቱም ያጌጣሉ፤ ሁለቱም ይጨፍራሉ፤ ከዚያም ሁለቱም ይታቀፋሉ፣ ሁለቱም ያሳድጋሉ።

ጎጆው የት ነው ያለው?

ውሃው ላይ። መሬት ላይ መራመድ ለማይችል ወፍ ሌላ ቦታ የለም። ሁለቱ አብረው የበሰበሰና እርጥብ የውሃ ተክል ይሰበስባሉ፤ ይቆልሉታል። ክምሩ ይንሳፈፋል። እንዳይሄድባቸው ከፊላ፣ ከሸምበቆ ወይም ውሃው ውስጥ ከገባ ቅርንጫፍ ጋር ያያይዙታል።

ለዓይን አያምርም። ብዙ ሰው ነፋስ የሰበሰበው ቆሻሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ግን ውሃው በመጠኑ ከፍ ሲል አብሮ ከፍ ይላል። ወፉም በቀጥታ ከውሃው ወደ ጎጆው ይወጣል፤ አደጋ ሲመጣም በቀጥታ ወደ ውሃው ይገባል። ለመራባት የሚገናኙትም እዚያው ክምር ላይ ነው።

ስንት እንቁላል ይጥላል? ስንት ቀን ይታቀፋል?

አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5። ሲጣሉ ነጭ ናቸው። እርጥቡ ተክል ቀስ በቀስ ቡናማ ያደርጋቸዋል። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ከ27 እስከ 29 ቀን ይታቀፋሉ።

የታቀፈው ወፍ ሲነሳ እንቁላሎቹን በተክል ሸፍኖ ይሄዳል። ይህ ከጠላት ዓይን ይሰውራቸዋል፤ ቶሎ እንዳይቀዘቅዙም ይረዳል። ስለዚህ ባዶ የሚመስል ክምር ባዶ ላይሆን ይችላል። ድንገት ከተነሳ ግን ለመሸፈን ጊዜ አያገኝም።

መታቀፍ የሚጀምረው ሁሉም እንቁላል ሳይጣል ነው። ስለዚህ ጫጩቶቹ በአንድ ቀን አይፈለፈሉም።

ጀርባው ላይ የተቀመጡት ትንንሾች ምንድን ናቸው?

ልጆቹ ናቸው። ተፈልፍለው ብዙም ሳይቆዩ ወላጃቸው ጀርባ ላይ ይወጣሉ፤ ከክንፉ ሥር ገብተው መስመር መስመር ያለውን ራሳቸውን ብቻ ብቅ ያደርጋሉ። እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ሥራዋን እንደምትሠራ ወፉም እነሱን እንዳዘለ ይዋኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት እዚያ ነው። አንዱ ወላጅ ያዝላል፣ ሌላው ዓሣ ያመጣል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጫጩት ሰውነት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ጎጆውም እርጥብ ነው። ትልቅ ዓሣም፣ ንስርም ሊወስዳቸው ይችላል። ከሁሉ የሚሻል ሙቅና ደረቅ ቦታ የወላጅ ጀርባ ነው።

ሲያድጉ ሌላ ነገር ይመጣል። ወላጆቹ ልጆቹን ይከፋፈሏቸዋል። እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ልጆች ይመግባል፤ የሌላው ልጅ ሲመጣ ሊያባርረውም ይችላል። ለዓይን ይከብዳል። ግን እኩል ያልተወለዱ ልጆችን ሁሉ ለማድረስ የሚረዳ ዘዴ ነው። ልጆቹ በዚህ ጊዜ ምግብ እየለመኑ ያለማቋረጥ ያፏጫሉ። ፊላ ውስጥ ቤተሰብ መኖሩን የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ ይህ ፉጨት ነው። ከ71 እስከ 79 ቀን ሲሆናቸው ይበራሉ።

መቼ ነው የሚራባው?

አውሮፓ ውስጥ በጸደይና በበጋ። አፍሪካ ውስጥ ግን በየትኛውም ወር ሊራባ ይችላል። የውሃው ልክና የዳር ተክሉ ሁኔታ ይወስነዋል።

ለባርኔጣ ሲባል ታርዶ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የራሱ ላባ ለሴቶች ባርኔጣ፣ የደረቱ ቆዳ ለአንገት ልብስና ለእጅ ማሞቂያ ይፈለግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ብሪታንያ ውስጥ የቀሩት ጥንዶች በደርዘን የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ።

ይህን የተቃወሙት ሴቶች ነበሩ። ኤሚሊ ዊልያምሰን እ.ኤ.አ. በ1889 ማንቸስተር አጠገብ ዲድስበሪ በሚገኘው ቤቷ ላባ ላለመልበስ የሚምሉ ሴቶችን ማኅበር አቋቋመች። ያ ማኅበር ዛሬ የብሪታንያ ትልቁ የወፎች ጥበቃ ድርጅት ነው። በ1921 የላባ ንግዱን የሚገድብ ሕግ ወጣ። ወፉም ቁጥሩ አንሰራራ። ዛሬ የለንደን መናፈሻ ውስጥ የሚጨፍረው ለዚህ ነው።

አሁንስ የመጥፋት አደጋ አለበት?

በዓለም ደረጃ የለበትም፤ ቁጥሩ ብዙ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ግን ያሳስበኛል። እዚህ አካባቢ ቀድሞ በብዛት ይታይባቸው ከነበሩ ሐይቆች ላይ ቀንሷል። አንዱ ምክንያት የናይለን መረብ ነው። ወፉ ዓሣ እያሳደደ ይጠልቅና መረቡን ሳያየው ይገባበታል፤ አየር አጥቶ ይሞታል። ዓሣ አጥማጁም አይጠቀምም፤ መረቡ ይበላሽበታል።

ማዳጋስካር ላይ የሆነውን ማወቅ ይገባል። አላኦትራ የተባለው ሐይቅ የራሱ ትንሽ ግሬብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ከምክንያቶቹ አንዱ የናይለን መረብ ነበር፤ ከውጭ የገቡ ዓሦችም ጎዱት።

ሁለተኛው የሐይቅ ዳር ጉዳይ ነው። ፊላው ከታጨደ፣ እርሻ እስከ ውሃው ከደረሰ፣ ከብት ዳሩን ከረገጠው ጎጆ ማሰሪያ የለም። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጎጆው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፤ ወፉም ተራምዶ አይደርስበትም። ሐረማያ እንዴት እንደደረቀ አይተናል፤ አብጃታም ምን ያህል እንደሸሸ እናውቃለን። ስለ ሐይቅ ስንነጋገር የምናነሳው የውሃውን መጠን ነው። የዳሩን ፊላ ግን እንደ አረም ነው የምናየው። ለዚህ ወፍ ፊላው ቤቱ ነው።

ጎጆ ካየሁ ምን ላድርግ?

አትቅረቡ። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ሞተሩን ቀንሱና ዙራችሁ እለፉ፤ የጀልባው ሞገድ እንቁላል ሊጠርግ ይችላል። ወፉ ከጎጆው ከወረደ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ተመለሱ። ፎቶ ከፈለጋችሁ ከዳር ሆናችሁ በረጅም ሌንስ አንሱ። አስጎብኚ ወይም ባለ ታንኳ «ላቅርባችሁ» ቢል በትሕትና እምቢ በሉ።

መንገድ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ወድቆ ባገኘውስ?

ግሬቦች ሌሊት ይበራሉ። አንዳንዴ እርጥብ አስፋልት ውሃ ይመስላቸውና ያርፉበታል። ከዚያ መነሳት አይችሉም፤ መሮጫ ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ መሬት ላይ ያለ ግሬብ እግሩ የተሰበረ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጤነኛ ነው።

ፎጣ ወይም ነጠላ ጣል አድርጋችሁበት አንሱት። ምንቃሩ ሹል ስለሆነ ከፊታችሁ አርቁት። አየር በሚገባበት ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ደም ወይም የተሰበረ ክንፍ ከሌለው ሰፊ ሐይቅ ወስዳችሁ ውሃው ላይ ልቀቁት። ሜዳ ላይ ወደ ላይ አትወርውሩት፤ ይወድቃል።

ያየሁትን ለማን ልናገር?

ኢበርድ በተባለው መተግበሪያ ላይ መዝግቡት፤ ነጻ ነው። ቀኑን፣ የሐይቁን ስምና የወፎቹን ቁጥር ጻፉ። ጭፈራ፣ ጎጆ ወይም የታዘሉ ልጆች ካያችሁ ያንን ለይታችሁ ጻፉ፤ ከቁጥሩ ይበልጥ ይጠቅማል። ጎጆው ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ግን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። መረብ ውስጥ የሞተ ካገኛችሁ ያንንም ከነፎቶው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አሳውቁ።